አንድ ሰው፣ አንድ መስመር

ሰፈራችን ውስጥ ልብስ ሰፊዋን በስሟ የሚጠራት ሰው አላውቅም። ልኬ ነበር የምንላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በልጅነቷ በአባታቸው ቀበቶ በሩንም፣ ወንበሩንም፣ ድመቷንም እየለካች ታስቸግር ስለነበር። በስድሳ ሁለት ዓመቷም ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም ነበር። ሰው ሲገባ ፊቱን ከማየቷ በፊት ትከሻውን ታያለች። «ከስተሃል» ወይም «ወፍረሻል» ማለት የእሷ ሰላምታ ነው። የሚቀየማት አልነበረም፤ ማስረጃ አላትና። የሰፈሩ ሰው ወገብ፣ ደረትና ቁመት ከነዓመቱ የተጻፈበት ደብተር መሳቢያዋ ውስጥ ነበር።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት፣ መንገዱን በሚያየው መስኮት ሥር፣ የስፌት መኪናዋ፤ ከመጋረጃው ወዲያ የወንድሟ አልጋ። መጋረጃው ቀን ቀን አይዘጋም። ወንድሟ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም፤ መንገዱን ማየት እንዲችል ልብስ የሚለካበትን መስተዋት ከመኪናው በላይ አዘንብላ ሰቅላለታለች። ልብስ ሊሞክር የመጣ ሰው መስተዋቱ ውስጥ ከራሱ በፊት የሚያየው እሱን ነው።

«እጅጌው ረዝሟል» ይላል ከአልጋው።

«ጋሼ፣ አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ሃምሳ ዓመት ከልብስ ሰፊ ጋር ኖሬ ይህን ያህል ካላወቅኩ ምን ልሁን?»

እጅጌው ረዝሞ ይገኛል። ልኬም ጠመኔዋን እያነሳች፣ «ይኸው ተቆጣጣሪ ተመድቦብኛል፣ ያውም ተኝቶ የሚቆጣጠር» ትላለች።

ከዚህ በታች የምጽፈው ከመዝገብ ያገኘሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው። ከሌላ የሰማሁት ሲሆን ከማን እንደሰማሁ እናገራለሁ።

አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ እናቷ በአንድ ጎኗ ሽባ ሆነች። አባቷ ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው ነው። ከልጆቹ አንዱ ቤት መዋል ነበረበት። ወንድሟ ትምህርቱን ሊጨርስ ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ እሷ አምስተኛ ክፍል ናት። ማን ይቅር ተብሎ እንኳን አልተጠየቀም። የዚያን ዓመት የክፍል መዝገብ ኋላ ላይ አይቼዋለሁ። ከስሟ ፊት ለፊት «አቋረጠች» ይላል። ምክንያት የሚለው ዓምድ ባዶ ነው።

እናቷ ሰባት ዓመት ተኝታ ኖረች። ልኬ ስፌት የተማረችው ከዚያ አልጋ አጠገብ ነው፤ እናትየው በአፏ እየነገረቻት፣ እሷ እየሰፋች፣ እየተረተረች። በሃያ ሦስት ዓመቷ አንድ ሾፌር አገባች። አማቷ ታማ ስለነበር ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ማስታመም ገባች፤ አራት ዓመት። አማቷ ባረፈች በዓመቱ ባልየው ሥራውን ወደ ሌላ ከተማ አዛወረ፤ ዝውውሩ እሷን አይጨምርም ነበር። ስለ እሱ ሲጠይቋት፣ «ሲለካ ልክ ነበር፤ ሲለበስ ጠበበኝ» ብላ ታልፈዋለች።

ከዚያ ተረኛዋ የእኔ እናት ነበረች። ጎረቤታሞች ነን። እናቴ በኩላሊት ስትታመም እኔ ሩቅ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛና የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ፤ የመዛግብት አያያዝ እማር ነበር። እናቴ በስልክ፣ «ልኬ አለችልኝ፣ አንቺ ፈተናሽን» ትለኛለች። ዘጠኝ ወር። የምረቃ ቀሚሴን የሰፋችው ከእናቴ አልጋ ጎን ተቀምጣ ነው። ሜትር አላስነካችኝም፤ ሲመጣ ግን የትም አልጠበበም፣ የትም አልሰፋም። እናቴ ያን ቀሚስ ለብሼ አይታኝ በሦስተኛው ሳምንት አረፈች። እነዚህ ዘጠኝ ወራት በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም።

ከእናቴ በኋላ ጥቂት ዓመት ማንንም አላስታመመችም። ከዚያ የመብራት ሠራተኛ የነበረው ወንድሟ ከምሰሶ ላይ ወደቀ። ስድሳ ሁለት ዓመት ሲሞላት ይህ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት አልፎ ነበር።

የእሱን አያያዝ የምታውቀው በልክ ነው። በየሦስት ሰዓቱ ይገላበጣል። የሽንት ቱቦው በየቀኑ ይታያል፣ በየጊዜው ይቀየራል። ተረከዙ፣ ዳሌውና የጀርባው ታችኛ አጥንት በየማለዳው ይዳሰሳል፤ የቀላ ቦታ ካለ በዚያ ጎን አይተኛም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘመድ ሞቶባት፣ ለሁለት ቀን ለአንዲት ደግ ጎረቤት ትታው ሄደች። ጎረቤቲቱ አበላችው፣ አጠጣችው፣ አጫወተችው፤ «እንቅልፉን ልረብሸው?» ብላ ግን አላገላበጠችውም። ቱቦውም ታጥፎ ነበር። ልኬ ስትመለስ በትኩሳት ይቃጠላል፤ ዳሌው ላይ የተከፈተው ቁስል ለመዝጋት አምስት ወር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሰዓት በላይ ተለይታው አታውቅም ነበር።

የአስታማሚዎች ድጋፍ ጥምረት የተቋቋመው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። አራት ወገኖች ነበሩበት፦ ጤና ጣቢያው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ ትምህርት ቤቱና የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር። የምሥረታው ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ሰብሳቢው የአስተዳደሩ የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊ ነው፤ ንግግር ይወዳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ጀመረና ብዙ ቆየበት። ልኬ ወንድሟን ለአርባ ደቂቃ ትታ ነበር የመጣችው። እጇን አወጣች።

«የሎሚው ነገር ደህና ነው፣ ጌታዬ። የእኔ ሎሚ ግን ሰማንያ ኪሎ ይመዝናል። ያውም ይሳደባል።»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቀ፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ስለነበርኩ «ይሄንንም ጻፊው» አለኝ። ጽፌዋለሁ።

ጥምረቱ የወሬ አልነበረም፤ ይህንን መናገር አለብኝ። ጤና ጣቢያው ስድስት ሴቶችን ሃያ ቀን አሠለጠነና ተተኪ አስታማሚ አደረጋቸው፤ ቤት ያለችው አስታማሚ ጉዳይ ሲኖራት ገብተው የሚውሉ፣ የሚያድሩ። ትምህርት ቤቱ ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ አሥራ አንድ ተማሪዎችን ለይቶ፣ ጠዋት ቢያረፍዱ በር እንዳይዘጋባቸው አደረገ። መረዳጃ ማኅበሩ አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳል። የመዘገብናት ትንሿ አስታማሚ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ትልቁ፣ ሚስቱን የሚያስታምም ሰማንያ አራት ዓመት የሆነው ጡረተኛ።

እኔ የአስተዳደሩ መዝገብ ቤት ኃላፊ ስለሆንኩ የጥምረቱም መዝገብ ለእኔ ተሰጠ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መዝገቡ መዝገብ አይባልም ነበር። ጤና ጣቢያው የራሱን ዝርዝር ያመጣል፣ ማኅበሩ የራሱን፣ ትምህርት ቤቱ የራሱን። አንድ ሰው በሦስት ቦታ ይገኛል። ተተኪ አስታማሚ ወደ አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ተልካ፣ ጡረተኛው ዘንድ ማንም ሳይሄድ ቀረ፤ ሽማግሌው ሚስቱን ሲያነሳ ጎድኑ ተሰበረ። ያን ጊዜ ነው ደንቡን ያወጣሁት፦ አንድ ሰው፣ አንድ መስመር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ይኖረዋል፤ ከቁጥሩ ፊት ወይ «አስታማሚ» ወይ «ታማሚ» ይባላል። ስም ከተደገመ አንዱ ይሰረዛል።

ሰብሳቢው ቅጹን ከፍ አድርጎ ለኮሚቴው አሳየ። «ምሩቅ ማለት እንዲህ ነው» አለ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ወረፋውም በደንብ ተከፈለ። መጀመሪያ የሆስፒታል ቀጠሮ የተቆረጠላቸው ታማሚዎች ቤት፤ ቀጥሎ አስታማሚ የሌላቸው ታማሚዎች፤ ሌሎቹ በምዝገባ ተራ። ስድስት ተተኪ ብቻ ስላለን የተራው ረጅም ነበር። ልኬ በአስታማሚነት የተመዘገበችው ዘግይታ ነው፤ እስከዚያ ለራሷ የምትጠይቀው ነገር አልነበራትም።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ፣ ሰውነቷን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የወንድሟን ቱቦ ልትቀይር በየወሩ ትመጣ ነበር። ይህን የነገረችኝ ነርሷ ናት። ሥራዋን ጨርሳ ጓንቷን ስታወልቅ ልኬ፣ «ሲስተር፣ እግረ መንገድሽን እኔንም እይኝ» አለቻት። ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ምን ያህል እንደነበር ስትጠየቅ ወደ ቁልፍ ሳጥኗ ሄዳ አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አውጥታ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላት። «ይቺን ታህላለች። ከሦስት ሳምንት በፊትም ይቺኑ ታህል ነበር።»

ነርሷ ሐኪም ዘንድ ላከቻት፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ መጣ። ቀዶ ሕክምናው ያለው በአውቶቡስ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። ቀጠሮው ከአሥር ሳምንት በኋላ ሆነ። ሐኪሙ፣ «በጊዜ ደርሰሻል፤ ይህን ቀን ግን አታሳልፊ» ብሏታል። ለመሄድ፣ ለመተኛትና ለመመለስ ስምንት ቀን ያስፈልጋታል። የሚያስፈልጋት ያ ብቻ ነበር፦ ወንድሟን በየሦስት ሰዓቱ የምታገላብጥ የሠለጠነች ሴት፣ ለስምንት ቀን።

ነርሷ ስሟን በጤና ጣቢያው ዝርዝር ላይ ከነቀጠሮው ጻፈችና፣ «አንደኛው ወረፋ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ አታስቢ» አለቻት። በሳምንቱ ለዘጠኝ ሳምንት ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።

ዝርዝሮቹን በየሦስት ወሩ አንድ ላይ የማዋህደው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሰብሳቢው ለበላይ አካል ሪፖርት ማድረስ ስለነበረበት የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን አለቀ። ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ይዤ፣ ሦስቱን ዝርዝር ዘርግቼ፣ ስም በስም። የልኬን ስም ሁለት ቦታ አገኘሁት። በማኅበሩ ዝርዝር ላይ አስታማሚ ናት። በጤና ጣቢያው ዝርዝር ላይ ታማሚ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ ያላት። የዚያ ቤት ታማሚ ወንድሟ መሆኑን እኔ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ነርሷ የታማሚውን ስም በአስታማሚዋ ተክታ የጻፈች መሰለኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ስሕተት ሦስት ጊዜ አግኝቼ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ትክክለኛዋ እኔ ነበርኩ። ማስመሪያውን አስቀምጬ የጤና ጣቢያውን መስመር ሰረዝኩት። ቀጠሮው ግን ከነከነኝና ከጎኑ በእርሳስ «ሲስተርን ጠይቂ» ብዬ ጻፍኩ። ሲስተር አልነበረችም። እርሳሱ እስካሁን እዚያው አለ።

ሁለት ሳምንት ቆይታ ልኬ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት መጣች።

«ምሩቋ፣ ወረፋዬ ስንተኛ ነው?»

አንቱ እንዳልላት ራሷ ከልክላኛለች፤ «አንቱ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል» ብላ። «አርባ አንደኛ ነሽ፣ እትዬ» አልኳት።

በሐሳቧ ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «አርባ አንድ። ብዙ ሰው ነው ያለው።»

«ብዙ ነው። ግን ይሄዳል፤ በወር አሥርም አሥራ አንድም ይወጣል።»

«ሁሉም ተጽፏል አይደል? ሲስተር ያለችው ሁሉ?»

ኮምፒውተሩን አየሁ። አንድ መስመር ነው፣ ምንም ያልጎደለው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ቤት፣ «አስታማሚ»። «ሁሉም ተጽፏል» አልኳት።

«እንግዲያው የሚያውቅ ያውቃል» አለች።

ከኋላዋ አራት ሰው ቆሞ ነበር፣ ሦስቱ ወንዶች። ልኬ ስለ ጡቷ በመስኮት የምታወራ ሴት አልነበረችም። እኔም ምን እንዳላት አልጠየቅኩም፤ ቀሚሴን እያየች፣ «ጫፉ ወርዷል፣ ነገ ጣል አድርጊልኝ» ብላ ሄደች። በማግስቱ ወሰድኩላት። ሰፍታ መለሰችልኝ።

ቀጠሮው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው እንደገና መጥታ ነበር። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ረዳቴ ወረፋዋን አይታ፣ «ሠላሳኛ ደርሰሻል» አለቻት። «እሺ፣ ተመስገን» ብላ ተመለሰች። ለምን አልጮኸችም እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ወንድሟን ስጠይቀው፣ «ፊቷ ያለው ሠላሳ ሰው ሁሉ ከእሷ የባሰ መስሏታል» አለኝ። «‹መዝጋቢዋ እኮ የኛ ልጅ ናት፤ ብትችል ኖሮ ታስቀድመኝ ነበር› ነው የምትለው።»

የቀጠሮዋን ዋዜማ የነገረኝም እሱ ነው። ልብሷን ተኩሳ ቦርሳ ውስጥ ከታለች። ቦርሳውን በሩ አጠገብ አስቀምጣ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሂጂ» አላት።

«አንተስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ? ስትመለሺ እዚሁ ታገኚኛለሽ።»

«ማን ያገላብጥሃል?»

«መሬት ትዞር የለ? እሷ ታገላብጠኛለች።»

ልኬ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ተነስታ ቦርሳውን ፈታች።

ነርሷ ከሥልጠና የተመለሰችው በዚያው ሰሞን ነው። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ያቺን ቤት መጎብኘት ነበር፤ ተተኪዋ ቱቦውን በደንብ ይዛ እንደሆነ ልታይ። ስትገባ ልኬ መኪናው ላይ ናት።

«አንቺ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሱሪ» አለች ልኬ።

ነርሷ ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች። ለሥራ የያዘችውን ጓንት እንኳን ከኪሷ አላወጣችም ነበር። «ለምንድን ነው ያልተላከላት?» አለች።

«ለማን?»

ስሟን ነገረችኝ። ዋናውን ዝርዝር ከመደርደሪያው አውርጄ ገለጥኩት። ቀዩ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ስለሆነ በጣም ቀጥ ያለ ነው።

«ማን ነው የሰረዘው?»

«እኔ።»

«በእጄ ጽፌ የሰጠሁሽን?»

«ስሟ ሁለት ቦታ ነበር» አልኩ።

ነርሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ሁለት ቦታማ ነው ያለችው» አለችና ተነስታ ወጣች።

ልኬ ዘንድ የሄድኩት በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ነው። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዝርዝሩን፣ ደንቡን፣ መስመሩን። ጠመኔዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ከዚያ የቁልፍ ሳጥኗን ከፈተች። ነጯን የሸሚዝ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «ሲስተር ስትጽፈኝ ይቺ ነበረች።» ፈልጋ አንዲት ጥቁር የኮት ቁልፍ አወጣችና ከጎኗ አኖረቻት። «አሁን ይቺ ናት።»



«አንድ መስመር ለአንድ ሰው ነው ያልሽኝ?» አለች። «ምነው፣ ሱሪ እንኳን ሁለት እግር አለው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ወንድሟ፣ «ተያት፣ ልጅቱን» አለ።

«ምን አልኳት? አልተቆጣኋት።» እውነቷን ነው፤ አልተቆጣችኝም። «ተቀመጪ እንጂ» አለችኝ። «ቆመሽ ቀሚስሽ ተጣሟል።»

በማግስቱ መስመሩን መለስኩት። ተተኪ በሁለት ቀን ተመደበች። ሆስፒታሉ ግን ያለፈ ቀጠሮ አይመልስም፤ አዲስ ቀን ይሰጣል። ሰባት ሳምንት። ስምንት ቀን ተፈቅዶላት ሄደችና በአምስተኛው ተመለሰች። «ከፍተው አይተው ዘጉት» አለች። ተሰራጭቶ ስለነበር መቆረጥ እንዳልቻለ የነገረችኝ ነርሷ ናት። ተተኪዋን ከሰዓት በኋላ አሰናብታ እኔን አስጠራችኝ። «ሦስት ቀን ተርፏል፤ መልሺላቸው፣ ለሌላ ሰው ይሁን።» መዝገቡ ላይ «ሦስት ቀን ተመላሽ» ተብሎ ተጽፏል።

ደንቡ እንዲለወጥ፣ አስታማሚ የሆነ ሰው ታማሚም ሆኖ መመዝገብ እንዲችል ለኮሚቴው በጽሑፍ አቀረብኩ። ሰብሳቢው አነበበው። «መዝገቡን ያስተካከልሽው አንቺ፣ አሁን የምታፈርሺው ደግሞ አንቺ?» አለ። ክፋት አልነበረውም። ሁለት ጊዜ የሚቆጠር ሰው ካለ ሪፖርቱ እንዴት ይታመናል የሚል ጥያቄ ተነሳ፤ ከዓመት በፊት እኔው ራሴ ያነሳሁት ጥያቄ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። በሚቀጥለውም ተላለፈ።

ልኬ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ኖረች። ግራ እጇ አብጦ አልታዘዝ አላት። ወንድሟን በአንድ እጅ ማገላበጥ ስላልቻለች አንሶላው ላይ ከወፍራም ሸራ አራት እጀታ ሰፋች፤ እጀታውን ይዛ በሰውነቷ ክብደት ወደ ኋላ ስትል እሱ ይዞራል። ስፌቱን አይቼዋለሁ፤ ሦስት ጊዜ የተደራረበ ነው። «ይህ አንሶላ ከእኔ በላይ ይቆያል» ትል ነበር። በየሦስት ሰዓቱ። አንድም ቀን አላሳለፈችም፤ የልክ ደብተሯ ላይ እያንዳንዱ ሰዓት በጭረት ተመልክቷል።

የሞተችው ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ከመኪናው ሥር ባነጠፈችው ፍራሽ ላይ ነው። ወንድሟ በመስተዋቱ ያያት ነበር። መጀመሪያ የተኛች መስሎታል። ከዚያ ጠራት። ከዚያ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ጠራ፤ መስኮቱ ዝግ ነበር። ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ሴት በሩን የከፈተችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ዓይኑን ከመስተዋቱ እንዳላነሳ ነግሮኛል። «ቢያንስ ብቻዋን አልሆነችም» አለኝ። ያን ሲል ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ዓርብ ተቀበረች። ቅዳሜ ጠዋት ተተኪዋ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ወንድሟ አሁን አስታማሚ የሌለው ታማሚ ስለሆነ ወረፋው ሁለተኛ ደርሶ ነበር፤ መዝገቡ እንደተሠራለት ሠራ። ተተኪዋ ደግ ሴት ናት። ወንድሟ ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። ወዲያው ግን፣ «አንቺን አይደለም፣ ልጄ፤ ግቢ» አላት።

የተፈቀደው ስምንት ቀን ነበር፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው ጥያቄ የልኬ ስለሆነ፣ እሷ ደግሞ የጠየቀችው ስምንት ስለነበር። ከዚያ በላይ ለመፍቀድ አዲስ ማመልከቻ፣ አዲስ ወረፋ ያስፈልጋል። አመልክቻለሁ። አሥራ ዘጠነኛ ነው።

የእሷን መስመር መዝጋት የእኔ ሥራ ነበር። ቅጹ ላይ አስታማሚ ከመዝገብ የሚወጣበት ምክንያት ሦስት ነው፦ ታማሚው ዳነ፣ ታማሚው አረፈ፣ አስታማሚው ከአካባቢው ለቀቀ። የሞተ አስታማሚ የሚገባበት ሳጥን የለም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። መስመሩን አልዘጋሁትም፤ እስካሁን ክፍት ነው፣ ረዳቴም በየወሩ «ያልተሟላ» እያለች ታመጣልኛለች።

ወንድሟን አሁን የማየው እኔ ነኝ። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ማታ ስመለስና ልተኛ ስል። በአራቱ እጀታ አገላብጠዋለሁ። ስፌቱ አልላላም። በየሦስት ሰዓቱ ግን አይደለም፤ በየሦስት ሰዓቱ ሊሆን አይችልም፤ ሥራ አለኝ። የጥምረቱ ስብሰባ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ስለሆነ ከቀረሁ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ የደንቡ ጉዳይ በእኔ አለመገኘት እንደገና እንደተላለፈ ሰምቻለሁ።

«ምሩቋ» ይለኛል፣ ስጎትተው፣ «ልክሽ አይደለም ይሄ ሥራ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

ባለፈው ሳምንት ዳሌው ላይ የቀላ ቦታ ነበር። ትናንት ተከፍቷል። የቁልፍ ሳጥኑን አውርጄ ለካሁት። የሸሚዝ ቁልፍ ያህላል።